ደቂቃ መካፈል ውርደት ነውን?



ባለፈው ቅዳሜ ከራት በኋላ በመኝታ ቤቱ ደረጃ ላይ የተነሣው ክርክር መብራት እስኪጠፋ ድረስ አልበረደም። ከጠፋም በኋላ በየአልጋው ላይ ቀጥሏል። መነሻው የቅርጫት ኳስ ነው። ከመካከላችን አንዱ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2024 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የተደረገውን የኮሌጆች የዋንጫ ጨዋታ በስልኩ አሳየን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአንድ ወገን የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ዛክ ኢዲ ቆሟል፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር። በሌላው ወገን የኮኔቲከቱ ዶኖቫን ክሊንገን፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ18። ኢዲ ብቻውን 37 ነጥብ አስቆጠረ። ቡድኑ ግን 75 ለ60 ተሸነፈ።

«ሠላሳ ሰባት ነጥብ አግብቶ የተሸነፈ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?» አለ አንዱ። ሌላው ተቀብሎ፣ «ጥፋቱ የአሠልጣኙ ነው፤ አጠገቡ ሌላ ረጅም ቢያቆምለት ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ» አለ። ሦስተኛው ደግሞ፣ «ኧረ ነገሩ ከሥሩ ነው! ልጁን ገና ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሙሉውን ጨዋታ ቢያጫውቱት ኖሮ የት በደረሰ ነበር» ብሎ ጨመረበት። ብዙዎቻችን በራሳችን ነቀነቅን። ነገር ግን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ስንመለከት ሐሳባችን ተለወጠ። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንጽፈው ስለዚያ ነው።

ለጨዋታው እንግዳ ለሆኑ አንባቢያን አንድ ሁለት ቃል እንበል። ሴንተር የሚባለው ከአምስቱ ተሰላፊዎች ብዙውን ጊዜ ረጅሙ ሲሆን የሥራ ቦታው ከቀለበቱ አጠገብ ነው። ከእርሱ ጋር ሁለት ፎርዋርዶች ይሰለፋሉ፤ ሦስቱ በአንድነት የፊት መስመር ይባላሉ። ኳስ እያነጠሩ ጨዋታውን የሚመሩት ሁለቱ ደግሞ ጋርዶች ናቸው። ስቶ ከቀለበት የተመለሰን ኳስ መያዝ ሪባውንድ ይባላል። በአሜሪካ የወንዶች ኮሌጅ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው፤ አምስት ፋውል የሠራ ተጫዋች ይወጣል።

የእኛ አቋም አጭር ነው። ወጣት ሴንተር የሚያድገው ተቆጥረው በተሰጡት ደቂቃዎች፣ ከእርሱ ቀድሞ ሥራውን ከተማረ ታላቅ ጋር እየተፈራረቀ፣ ቦታ ለቀው በሚያጫውቱት ባልደረቦች መካከል ነው። ደቂቃ መካፈል ውርደት አይደለም። ሙሉ ጨዋታ በአንድ ጊዜ ማሸከምም ሆነ ሁለት ረጃጅሞችን ጎን ለጎን አቁሞ ውጤት መጠበቅ አብዛኛውን ጊዜ የእኛ የታላላቆች ችኮላ ነው እንጂ ለልጁ ታስቦለት አይደለም።

እስቲ ከኢዲ እንጀምር። ኢዲ የተወለደው በካናዳ ቶሮንቶ ነው። በልጅነቱ የተጫወተው የበረዶ ሆኪና ቤዝቦል ነበር፤ ቅርጫት ኳስን በቁም ነገር የያዘው ወደ አሥራ ስድስት ዓመቱ ገደማ ነው። ለኮሌጅ ሲደርስ ደረጃ አውጪዎች በዘመኑ ከነበሩት ወጣቶች መካከል ከ400ኛ በታች አስቀመጡት። ልብ በሉ፤ ያን የሚያህል ቁመት ይዞ ከአራት መቶ ልጆች ኋላ ነው። ምክንያታቸው ቀላል ነበር፤ ዝግ ያለ ነው፣ ጨዋታውን ገና አልለመደም፣ ዘመኑም ከሩቅ የሚተኩሱ ፈጣን ልጆች ዘመን ነው ተባለ።

በ2020 ኢንዲያና ግዛት ወደሚገኘው ፐርዱ ገባ። አሠልጣኙ ማት ፔይንተር ቡድኑን ከ2005 ጀምሮ የያዘ ሰው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለኢዲ የሰጠው በአማካይ 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። በእነዚያ ደቂቃዎች 8.7 ነጥብና 4.4 ሪባውንድ አስመዘገበ። ዋናው ሴንተር ትሬቪዮን ዊሊያምስ ነበር፤ 2 ሜትር ከ8 የሚሆን፣ እጁ ለስላሳ፣ ከቀለበት ሥር ሆኖ ለሌሎች ኳስ ማቀበል የሚያውቅ ልጅ። በዚያ ዓመት 15.5 ነጥብና 9.1 ሪባውንድ ነበረው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ማለትም በ2021–22፣ ነገሩ ተገለበጠ። ጨዋታ የሚጀምረው ኢዲ ሆነ፤ ታላቁ ዊሊያምስ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያም ሆኖ ኢዲ የተጫወተው 19 ደቂቃ፣ ዊሊያምስ ደግሞ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። የሂሳብ ክፍል ጓደኞቻችን ይደምሩልን፤ 39 ደቂቃ። ጨዋታው 40 ነው። እንግዲህ ሁለቱ አንድን ቦታ ለሁለት ተካፈሉት እንጂ ጎን ለጎን አልቆሙም ማለት ይቻላል። ውጤቱስ? ኢዲ 14.4 ነጥብና 7.7 ሪባውንድ፣ ዊሊያምስ 12 ነጥብና 7.4 ሪባውንድ። ከአንድ ቦታ ብቻ በየጨዋታው 26 ነጥብና 15 ሪባውንድ ተገኘ። እስቲ የትኛው ብቸኛ ሴንተር ነው በየቀኑ ይህን የሚያመጣ?

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ስሌት እናሳያችሁ። የኢዲን ነጥብ በተጫወተው ደቂቃ ብናካፍለው፣ በየ10 ደቂቃው በመጀመሪያው ዓመት 5.9፣ በሁለተኛው 7.6፣ ወደ 32 ደቂቃ ከፍ ባለበት በሦስተኛው ዓመት 7.0፣ በአራተኛው ደግሞ 7.9 ነጥብ ይወጣል። ይህ ምን ይነግረናል? በሦስተኛው ዓመት ሸክሙ በአንድ ጊዜ በሁለት ሦስተኛ ሲጨምርበት ልጁ አልተሰበረም። ትንሽ ዝቅ ብሎ ተመልሶ ተነሣ። አሥራ አምስት ደቂቃ በደንብ መሥራት የለመደ ትከሻ ሠላሳ ሁለቱንም ቻለው።

ለምን ተቆጥሮ ይሰጣል? ብለው ለሚጠይቁን መልሳችን ከሰውነቱ ይጀምራል። የኮሌጅ ሜዳ ርዝመቱ 28 ሜትር ተኩል ያልፋል። ከ130 ኪሎ በላይ የሚመዝን ወጣት ያንን እየተመላለሰ ሲሮጥ መጀመሪያ የሚከዳው እግሩ ነው። እግር ሲደክም ሰው በእጁ መከላከል ይጀምራል፤ በእጅ መከላከል ፋውል ነው፤ ፋውል ሲደራረብ ደግሞ ልጁ ወንበር ላይ ነው። እንግዲህ ብዙ ደቂቃ የሰጠነው መስሎን ያለችውንም እናሳጣዋለን።

ከሰውነቱ ቀጥሎ ትምህርቱ አለ። ወጣት ሴንተር የሚማረው ብዙ ነው። ኳስ ከመምጣቱ በፊት በእግሩ ቦታ መያዝ፤ የተቀበለውን ኳስ ወደ ደረቱ አውርዶ ለአጫጭሮች ከማጋለጥ ከፍ አድርጎ ማቆየት፤ በቀኝም በግራም እጅ እየዞሩ ማስገባት፤ ሁለት ተከላካይ ሲመጣበት ሳይደነግጥ ነጻውን ጓደኛ ማየት፤ ቅጣት ምት መምታት፤ ሲከላከልም ሳይዘል እጁን ቀጥ አድርጎ መቆም። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይገባም። ዛሬ በስምንት ደቂቃ ውስጥ አንዱን በትክክል ሠርቶ የወጣ ልጅ ነገ ሁለተኛውን ይጨምራል። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሲንገላታ የዋለ ልጅ ግን የሚማረው መንገላታትን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለም አበው?

«አንድ ምሳሌ ብቻ ይዞ መደምደም አይቻልም» የሚል ወገን እንደሚኖር እናውቃለን፤ ትክክልም ነው። ስለዚህ በዚያው የዋንጫ ጨዋታ በተቃራኒው ወገን የቆመውን ክሊንገንን እንመልከት። ክሊንገን ኮኔቲከት በገባበት በ2022–23 ቋሚው ሴንተር ከማሊ ባማኮ የመጣው አዳማ ሳኖጎ ነበር። ሳኖጎ 27 ደቂቃ ገደማ ሲጫወት ክሊንገን የቀረችውን 13 ደቂቃ ይወስድ ነበር። ደምሩት፤ እንደገና አርባ! ሳኖጎ 17.2 ነጥብ፣ ወጣቱ ደግሞ በአሥራ ሦስት ደቂቃው 6.9 ነጥብና 5.6 ሪባውንድ ነበረው። ቡድኑ የ2023ን ዋንጫ ወሰደ። ሳኖጎም የረመዳንን ጾም እየጾመ በመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች ተጫውቶ የውድድሩ ኮከብ ተባለ። በዓመቱ ሳኖጎ ሲሄድ ክሊንገን ቦታውን ተረከበ፤ ከኋላው ደግሞ ከቶጎ የመጣው ሳምሶን ጆንሰን ተቀያሪ ሆነ። ኮኔቲከትም በ2024 ዋንጫውን ደገመ።

ይህን ስናይ፣ በዚያ ምሽት አሪዞና ላይ ለዋንጫ የተጋጠሙት ሁለቱ ግዙፎች ሁለቱም የአንድ ዓይነት አስተዳደግ ውጤቶች ነበሩ። ሁለቱም ከታላቅ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም የቀረችውን ደቂቃ በልተዋል። ሁለቱም በዚያው ዓመት በባለሙያ ሊግ ምርጫ ተጠሩ፤ ክሊንገን ሰባተኛ፣ ኢዲ ዘጠነኛ።

አሁን ወደ ተቃራኒው ሐሳብ እንምጣ፤ በቅንነት እንመዝነው። «ሁለት ረጃጅም በአንድ ጊዜ ማሰለፍ ይሻላል» የሚሉት ጓደኞቻችን በእጃቸው ጥሩ ማስረጃ አለ። በ2014–15 የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ከ2 ሜትር ከ10 በላይ የሆኑ ልጆችን፣ ካርል-አንቶኒ ታውንስንና ዊሊ ኮሊ-ስታይንን፣ ጎን ለጎን አቁሞ 38 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል። የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በግማሽ ፍጻሜ፣ በዊስኮንሰን 71 ለ64 ነው። ይህን የሚያህል ነገር ዝም ተብሎ አይታለፍም።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ የሁለቱ ሥራ የተለያየ ነበር። ኮሊ-ስታይን ቁመቱ የሴንተር ሆኖ እግሩ የጋርድ ነበር፤ ከቀለበት ርቆ ፈጣን ልጆችን ማባረር ይችል ነበር። ታውንስ ደግሞ እጁ ከሩቅም የሚሠራ፣ ኳስ ማቀበልም የሚያውቅ ነው። ሁለተኛ፣ ያ በዓመቱ የባለሙያ ምርጫ ከሁሉ በፊት አንደኛ ሆኖ የተጠራው ታውንስ በኬንታኪ በአማካይ የተጫወተው ስንት ደቂቃ ይመስላችኋል? 21 ደቂቃ! አሠልጣኙ ጆን ካሊፓሪ ብዙ ጥሩ ልጆች ስለነበሩት ደቂቃውን በቡድን በቡድን ከፋፍሎ ይሰጥ ነበር። እንግዲህ ለሁለት ረጃጅም መሰለፍ የሚጠቀሰው ትልቁ ምሳሌ ራሱ ለደቂቃ መካፈልም ምሳሌ ነው።

ሥራቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ረጃጅሞችን ጎን ለጎን ማቆም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ምክንያቱ በሕጉ ውስጥ አለ። በኮሌጅ ጨዋታ አጥቂ ከቀለበቱ ፊት ባለው ቀለም በተቀባው ስፍራ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይፈቀድለትም። ተከላካይ ግን እንዳሻው ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ከሩቅ የማይተኩሱ ሁለት ረጃጅሞች ካሰለፍን፣ ተጋጣሚው ሁለቱን ረጃጅሞቹን ቀለበት ሥር ተክሎ ይጠብቀናል። አራት ሰው በአንዲት ጠባብ ጓዳ! ኳስ የሚያነጥረው ጋርድ የሚገባበት ቀዳዳ ያጣል። ፔይንተር ኢዲንና ዊሊያምስን ያፈራረቀው አንዱን ጠልቶ አይደለም ባዮች ነን፤ ሁለቱ የሚፈልጓት ቦታ አንዲት በመሆኗ ነው።

ወደ አንድ የማንሸሸው ነገር እንምጣ። ደቂቃ መካፈል ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ታላቁ ነው። ዊሊያምስ የሊጉ ምርጥ አምስት ውስጥ ከገባ በኋላ በመጨረሻ ዓመቱ ለታናሹ ቦታ ለቆ ከወንበር እየተነሣ ተጫወተ። የሊጉ ምርጥ ተቀያሪ ተብሎም ተሸለመ። በ2022 የባለሙያ ምርጫ ግን ስሙ አልተጠራም። ሳኖጎም የ2023 ውድድር ኮከብ ተብሎ በዚያው ዓመት አልተጠራም። ምክንያቱ ደቂቃ መካፈላቸው ነው ልንል አንችልም፤ ባለሙያዎቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት ቁመት ነው፣ እነርሱም ለሴንተርነት አጠር ያሉ ነበሩ። ቢሆንም ስለ ኢዲ ስናወራ ዊሊያምስን፣ ስለ ክሊንገን ስናወራ ሳኖጎን አለማንሣት ግፍ ነው። ታናሽ የሚያድገው ታላቅ በለቀቀለት ወንበር ላይ ነውና።

ወደ ኢዲ እንመለስ። ዊሊያምስ ከሄደ በኋላ በ2022–23 ኢዲ 22.3 ነጥብና 12.9 ሪባውንድ እያስመዘገበ የዓመቱ የኮሌጅ ኮከብ ተባለ። ቡድኑ በአንደኛ ደረጃ ወደ ብሔራዊ ውድድሩ ገባ። በመጀመሪያው ጨዋታ ግን በአሥራ ስድስተኛ ደረጃ ለተመደበው፣ በቁመት ከሁሉ አጭር ለተባለው ለፌርሊ ዲኪንሰን 63 ለ58 ተሸነፈ! በወንዶች ውድድር ታሪክ አንደኛ በአሥራ ስድስተኛ ሲሸነፍ ይህ ሁለተኛው ጊዜ ነው። ኢዲ በዚያ ጨዋታ 21 ነጥብና 15 ሪባውንድ ነበረው። አጫጭሮቹ ከፊትም ከኋላም ከበው ኳስ እንዳይደርሰው አደረጉ፤ ጓደኞቹም ከሩቅ ከሞከሯቸው 26 ኳሶች ያገቡት 5 ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው «የረጅም ሴንተር ዘመን አልፏል» ብሎ ፈረደ። ኢዲ ግን ለአንድ ዓመት ተመለሰ። የተለወጠው እርሱ ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያ ዓመታቸው በዚያ ሽንፈት የተቃጠሉት ጋርዶች ብሬደን ስሚዝና ፍሌቸር ሎየር አንድ ዓመት በሰሉ፤ የቡድኑ የሦስት ነጥብ ሙከራ ከመቶ 32 ገደማ ወደ 40 ገደማ ከፍ አለ። ኢዲ 25.2 ነጥብና 12.2 ሪባውንድ ይዞ ኮከብነቱን በተከታታይ ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደ፤ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ከራልፍ ሳምፕሰን ወዲህ እንዲህ ያደረገ አልነበረም። ፐርዱም ከ1980 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ አራት ገባ።

የፊት መስመሩ አሰላለፍ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። በዚያ ዓመት ከኢዲ ጎን ማን ይቁም? ፔይንተር ሦስት ምርጫ ነበረው። አንዱ ትሬይ ካውፍማን-ሬን ነው፤ 2 ሜትር ከ6፣ ከቀለበት አጠገብ የሚሠራ። ሁለተኛው ሜሰን ጊሊስ፤ አጠር ያለ፣ ጠንካራ፣ ከሩቅ ጥሩ ተኳሽ። ሦስተኛው ኬለብ ፈርስት፤ ቁመተ ረጅምና ሯጭ። ፔይንተር ካውፍማን-ሬንን አስጀምሮ ጊሊስን ከወንበር ያስነሣ ነበር። ጊሊስም እንደ ዊሊያምስ የሊጉ ምርጥ ተቀያሪ ተብሎ ተሸለመ።

በእኛ አስተያየት ከኢዲ ጎን ለመቆም የሚሻለው ጊሊስ ነበር። ምክንያታችን የዋንጫው ጨዋታ ነው። የኮኔቲከቱ አሠልጣኝ ዳን ኸርሊ ኢዲን በአብዛኛው ለአንድ ሰው፣ ለክሊንገንና ለተቀያሪው ብቻ ተወው፤ ሌሎቹ አራት ተከላካዮች ከተኳሾቹ አልተላቀቁም። «ኢዲ ያግባ፤ ሌላ ሰው ግን አያግባ» እንደማለት ነው። ፐርዱ በጨዋታው ሁሉ ከሩቅ የሞከረው 7 ኳስ፣ ያገባውም 1 ብቻ ሆነ። ከ60ው ነጥብ 37ቱ የአንድ ሰው፣ 23ቱ የቀሩት ሁሉ! እንግዲህ በመኝታ ቤቱ ደረጃ ላይ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ኢዲን የጎደለው ሌላ ረጅም አልነበረም፤ ነጻ የሆነ ጓደኛ ነው። ሌላ ረጅም ቢጨመርለት ኖሮ ክሊንገን ረዳት ባገኘ ነበር።

ሆኖም አሠልጣኙን ለመውቀስ አንቸኩልም። ካውፍማን-ሬን የመጀመሪያ ዓመቱን ሳይጫወት እየተለማመደ ነው ያሳለፈው፤ ከዚያም ሁለት ዓመት ከኢዲ ጥላ ሥር ተጫወተ። በ2023–24 አማካዩ 6.4 ነጥብ ነበር። ኢዲ ሲሄድ፣ በ2024–25፣ 20.1 ነጥብ አስመዘገበ። ያን ዓመት ቦታውን ሊረከብ የታሰበው ሌላ 2 ሜትር ከ24 የሆነ ወጣት ዳንኤል ጄከብሰን ነበር፤ ነገር ግን በሁለተኛ ጨዋታው እግሩ ተሰበረና ዓመቱን ሙሉ ተቀመጠ። ቡድኑን ያቆመው ያ በጥላ ሥር የቆየ ልጅ ሆነ። አንዳንዴ የአሰላለፍ ምርጫ የዛሬውን ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የከርሞውንም ይመለከታል። እኛ ከመኝታ ቤት ደረጃ ላይ የማናየው ይህን ነው።

ጓደኞቻችን፣ መምህራኖቻችን፤ እስከዚህ ስለ ሌሎች አወራን። ጥቂት ደግሞ ስለ ራሳችን እናውራ።

በያዝነው ዓመት መጀመሪያ አንድ ቁመተ ሎጋ አዲስ ሠልጣኝ ወደ ተቋማችን መጣ። ከመምጣቱ በፊት የቅርጫት ኳስ በእጁ ይዞ አያውቅም። እኛ ግን በሩ ላይ ሲገባ ገና ሳይመዘገብ ለቡድናችን መዘገብነው። ልምምድ ሁለት ቀን ሰጠነው፤ በሦስተኛው ቀን ከነባሩ ረጅም ተጫዋቻችን ጎን አቁመን ሙሉ ጨዋታ አሰለፍነው። ሁለቱ እየተጋጩ፣ ኳሱ በመካከላቸው እየወደቀ፣ ገና ዕረፍት ሳይደርስ አምስተኛ ፋውሉን ሠርቶ ወጣ። ከዳር የቆምነው ሳቅን። አንዳንዶቻችን ስም ሁሉ አወጣንለት። ከዚያ ቀን ወዲህ በሜዳው በኩል አላለፈም፤ ወደ ምግብ ቤት ሲሄድ እንኳ በቤተ መጻሕፍቱ ዞሮ ነው የሚሄደው።

ይህን የምንጽፈው ራሳችንን ለመውቀስ ነው። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም። ቁመቱን ዓየን እንጂ ልጁን አላየንም። ነባሩም ተጫዋቻችን ቢሆን «ግማሹን እኔ፣ ግማሹን እርሱ» ለማለት አልደፈረም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ነገሩ ከሜዳው አይቀርም። ጥቂት ወራት ቆይተን ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ እንሰማራለን። እዚያ ነባሩ መምህር በሳምንት ሁለት ሦስት ክፍለ ጊዜ ብቻ ሲሰጠን «ናቀን» ብለን የምናኮርፍ እንዳለን ከአምና ሠልጣኞች ሰምተናል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው፣ ክፍሉን ጥሎልን ሻይ ሊጠጣ የሚሄድ መምህር ሲያጋጥመው «አመነብኝ» ብሎ ይደሰታል። እስቲ ቆም ብለን እናስብ። የመጀመሪያው ዊሊያምስ ነው፤ ሁለተኛው ግን እኛ በዚያ ልጅ ላይ የሠራነውን ነው የሚሠራው። ነገ እኛም መምህር ስንሆን ከመጨረሻው ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ደረጃው ከአራት መቶ በታች የሆነ ልጅ በክፍላችን ይኖራል። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ቀላል ሥራ፣ አምስት ደቂቃ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት እንሰጠዋለን? ወይስ በአንድ ቀን ሁሉንም ጠይቀነው ሲደናቀፍ ከክፍሉ ጋር እንስቃለን?

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሚቀጥለው የክፍሎች ውድድር ሁለቱ ረጃጅሞቻችን ቦታውን ይካፈሉ። ነባሩ ያስጀምር፤ አዲሱ በየአጋማሹ አምስት አምስት ደቂቃ ይግባ። ከእርሱ የምንጠብቀው ነጥብ አይደለም። ኳስ ከፍ አድርጎ ይያዝ፣ ሳይዘል እጁን ቀጥ አድርጎ ይቁም፤ ይበቃል። ከጎኑ ከሩቅ የሚተኩስ ሰው ይቁም እንጂ ሌላ ረጅም አይጨመር። ከዳር የምንቆመው ደግሞ አፋችንን እንሰብስብ።

ይህን ጽሑፍ እርሱም ያነበው ይሆናል፤ ግድግዳው በቤተ መጻሕፍቱ መንገድ ላይ ነውና። ወንድማችን፣ ማክሰኞ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ነን። ይቅርታውን ፊት ለፊት እንጠይቅሃለን። ደቂቃዎችህም አሥር ናቸው፤ ቆጥረን አስቀምጠንልሃል።

ተቃራኒ ሐሳብ ያለው አንባቢ ጽፎ ያምጣ፤ ከዚሁ ጎን እንለጥፍለታለን።

ከስፖርት ዓምድ አዘጋጆች